የዓመታት ዘመቻ ወይስ የ24 ሰዓት ልገሳ?

የአሜሪካው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ2013 እ.ኤ.አ. ትልቁን የገንዘብ ማሰባሰቢያ ዘመቻውን በይፋ ሲጀምር ግቡ 6.5 ቢሊዮን ዶላር ነበር። የሚገርመው ግን፣ በዚያን ዕለት 2.8 ቢሊዮኑ አስቀድሞ ተገኝቶ ነበር። የትልቅ ዘመቻ ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ድምፅ ሳያሰሙ ባለሀብቶችን አንድ በአንድ ያነጋግራሉ። ለማን ምን እንደሚጠየቅ፣ ማን ሄዶ እንደሚጠይቅ ሁሉ ይታሰብበታል። መግለጫውና ድግሱ የሚመጣው ውጤቱ ከወዲሁ ሲታይ ነው። ዘመቻው በ2018 ሲዘጋ 9.6 ቢሊዮን ደርሷል። አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ዓይነት ገንዘብ የሚመጣው ከጥቂት ሰዎች ኪስ ነው። ብዙ ሠራተኛና የዓመታት ትዕግሥትም ይጠይቃል።

የአንድ ቀን ልገሳው ሌላ ነገር ነው። የኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የራሱን በ2012 ጀመረ። ሁሉም ነገር በኢንተርኔት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ፋኩልቲዎች ይፎካከራሉ፤ ብዙ ሰው ያሰባሰበ ተጨማሪ ገንዘብ ያገኛል። 10 ዶላር የሰጠም ይቆጠራል። በዚህ ገንዘብ ሕንፃ አይሠራም፣ እውነቱን እንነጋገር። ግን ሰጥተው የማያውቁ ወጣት ተመራቂዎች ይገባሉ። በማግስቱ ካልተመሰገኑ ደግሞ በዚያው ይጠፋሉ።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2023 ራስ ገዝ ሆኗል፤ የራሱን ገቢ መፈለጉ አይቀርም። እኔ ብሆን በአንድ ቀኑ እጀምራለሁ። ዋሽንግተንም ሆነ ዱባይ ያለው ምሩቅ ስልኩና ኢሜይሉ ሳይታወቅ፣ ዩኒቨርሲቲው ትልቅ ስጦታ ማንን ሄዶ ይጠይቃል?