የካሞፍላጅ ግዥ ንጽጽር፦ መረብ፣ የተሽከርካሪ ልባስ፣ ንቁ ሽፋን ወይስ ሐሰተኛ ዒላማ?

የአሜሪካ የአፍጋኒስታን መልሶ ግንባታ ልዩ ዋና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣውን አንድ ሪፖርት የካሞፍላጅ ግዥ የሚያስብ ሁሉ ሊያነበው ይገባል። ለአፍጋኒስታን ብሔራዊ ጦር የተመረጠው ዩኒፎርም የጫካ ንድፍ ያለው ነበር፤ ከአገሪቱ የቆዳ ስፋት በደን የተሸፈነው ግን 2.1 ከመቶ ብቻ ነው። ንድፉ የተመረጠው በኢንተርኔት ከታዩ አማራጮች መካከል ለባለሥልጣን ዓይን ስላማረ እንጂ ለመልክዓ ምድሩ መስማማቱ ተፈትኖ አልነበረም። የባለቤትነት መብቱ በግል ኩባንያ የተያዘ በመሆኑም እስከ 28 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ተጨማሪ ወጪ ሳያስከትል እንዳልቀረ ሪፖርቱ ገምቷል። ያ ስሕተት የተፈጸመው የሰውን ዓይን ለማሳሳት በተሠራ ጨርቅ ላይ ነው። ዛሬ ለገበያ የሚቀርቡት መሰወሪያዎች ግን ከሙቀት ካሜራና ከራዳር ጭምር እንሰውራለን ስለሚሉ፣ ገዢ በዓይኑ ብቻ አይቶ ሊመዝናቸው አይችልም።

ስለዚህ ዕቃዎቹን ከማነጻጸር በፊት ፈላጊውን መለየት ያስፈልጋል። የሰው ዓይን ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን ያያል። የሌሊት መነጽር ከዚያ አለፍ ብሎ እስከ 1 ማይክሮ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ በዚህ ክልል ለምለም ቅጠል ብርሃንን አጥብቆ ስለሚያንጸባርቅ፣ ቀለሙ ለዚህ ያልተዘጋጀ አረንጓዴ ጨርቅ ቀን ከቁጥቋጦው ጋር ተመሳስሎ ይውልና በሌሊት መነጽር ጠቁሮ ይለያል። የሙቀት ካሜራዎች በሁለት ክልሎች ይሠራሉ፤ ከ3 እስከ 5 ማይክሮ ሜትር ያለው የሞተርንና የጭስ ማውጫን ትኩሳት፣ ከ8 እስከ 12 ያለው ደግሞ የሰውን ገላና የመሬትን ሙቀት አጉልቶ ያሳያል። ብዙ የክትትል ራዳሮች የሚጠቀሙበት ሞገድ ደግሞ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው።

አስቸጋሪው ነገር ለአንዱ ፈላጊ የሚበጀው መድኃኒት ለሌላው የሚያጋልጥ መሆኑ ነው። ከሙቀት ካሜራ ለመሰወር እንደ አሉሚኒየም ያለ፣ ሙቀትን በጨረር መልክ እምብዛም የማይረጭ ገጽ ይጠቅማል፤ ብረት ግን የራዳርን ሞገድ መልሶ ወደ ላኪው ይልካል። ብርሃን የማያሳልፍና ጨረር የማይረጭ ገጽ በፊዚክስ ሕግ የግድ አንጸባራቂ ስለሚሆን፣ ጥርት ባለ ሌሊት ወደ ላይ ከተዘረጋ ቀዝቃዛውን ሰማይ ያንጸባርቅና በሙቀት ምስል ላይ የጠቆረ ጉድጓድ መስሎ ይታያል። የእስራኤሉ ፖላሪስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ያደረገውን ኪት 300 የመሰሉ የነፍስ ወከፍ መሸፈኛዎች ቀላልና ጠቃሚ ናቸው፤ ሆኖም የዚህ ዓይነቱን ዕቃ የሚገዛ ሁሉ ከፊት ለፊት ብቻ ሳይሆን ከራሱ በላይ ከሚያንዣብብ ድሮን የተነሣ ምስል እንዲቀርብለት መጠየቅ አለበት። በማስታወቂያ ፊልሞች ላይ «የጠፋው» ወታደር ብዙውን ጊዜ በአንድ አቅጣጫና በአንድ ዓይነት ካሜራ የተቀረጸ ነው።

የዩኒፎርምን ንድፍ በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የአሜሪካ ምድር ጦር እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ያደረገው፣ ለበረሃም ለጫካም ለከተማም ያገለግላል የተባለው ግራጫማ ዲጂታል ንድፍ የታሰበለትን ባለማሟላቱ፣ በ2010 በአፍጋኒስታን በተሰማሩ ወታደሮች ላይ መልቲካም በተባለው ንድፍ ይተካ ጀመር፤ በ2019 ደግሞ ጨርሶ ተሰናበተ። ለሁሉም ቦታ ይሆናል የሚባል ንድፍ ሲቀርብ ይህን ማስታወስ ይበቃል። ዋናው የግዥ ክርክር ያለው በሌሎቹ አራት አማራጮች መካከል ነው።

ከእነዚህ ውስጥ እጅግ የተፈተነው ባለብዙ ሞገድ መሰወሪያ መረብ ነው። የስዊድኑ ሳብ ባራኩዳ በሚል ስም የሚያቀርባቸው መረቦች በስፋት የታወቁ ናቸው፤ የእስራኤሉ ፋይብሮቴክስም እ.ኤ.አ. በ2018 ከአሜሪካ ምድር ጦር ጋር እስከ 480 ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ የሚችል የ10 ዓመት ውል አግኝቷል። የመረቡ ጨርቅ እንደ ቅጠል የተቆራረጠ በመሆኑ ነፋስ እያለፈበት ሙቀቱ ከአካባቢው አየር ጋር ይቀራረባል፤ በውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ቁስ ደግሞ የራዳርን ሞገድ ከፊሉን ይውጣል፣ ከፊሉን በየአቅጣጫው ይበትናል። ኃይል አይፈልግም፣ በሜዳ ይጠገናል፣ ከመድፍ እስከ ነዳጅ ማከማቻ ሁሉን ይሸፍናል። ድክመቱ ለቆመ ነገር ብቻ ማገልገሉ ነው። ከዚህ ሌላ ገዢዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፦ መረቡ በትኩስ ሞተር ላይ በቀጥታ ከተኛ ራሱ ይግልና የሸፈነውን ዕቃ ቅርጽ አውጥቶ ያሳያል። ስለዚህ መረቡን ከብረቱ የሚያርቁት ምሰሶዎችና ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ ከመረቡ ጋር አብረው መታቀድ አለባቸው፤ ያለ እነርሱ ውዱ መረብ ከርካሹ አይሻልም።

የተሽከርካሪ ልባስ የሚመጣው መረቡ የማይችለውን ለመሙላት ነው። የሳብ ተንቀሳቃሽ የካሞፍላጅ ሥርዓትና በሩሲያው ኤንአይአይ ስታሊ የተሠራው ናኪድካ በታንኩ ወይም በብረት ለበሱ ላይ ተለክተው የሚገጠሙ በመሆናቸው ተሽከርካሪው እየሄደም ሆነ እየተዋጋ አይወልቁም። የፀሐይን ግለት ስለሚከላከሉ ውስጡን ለሠራተኞቹ ማቀዝቀዛቸው ከሽያጭ ወረቀቱ በላይ ዋጋ ያለው ጥቅም ነው። ሆኖም ሙቀት አይጠፋም፤ የጭስ ማውጫው፣ የሰንሰለቱና የጎማው ፍትጊያ፣ የተኮሰ የመድፍ አፈሙዝ፣ ከኋላ የሚነሣው አቧራ ሁሉ ከልባሱ ውጭ ይቀራሉ። ልባሱ የተሽከርካሪውን መለያ ቅርጽ ያደበዝዛል፣ ጠላት ለይቶ የሚያውቅበትን ርቀትም ያሳጥራል፤ ይህን ያህል ከሠራ ገንዘቡን መልሷል ብዬ አምናለሁ። በአንጻሩ ቅርንጫፍ ይቀደዋል፣ ለእያንዳንዱ የተሽከርካሪ ዓይነትም የተለየ ልክ ይጠይቃል፤ ብዙ ዓይነት ተሽከርካሪ ላለው ጦር ይህ የመለዋወጫውን ሸክም በእጅጉ ያበዛዋል።

ንቁ ሽፋን የሁሉን ዓይን የሚስበው ቴክኖሎጂ ነው። የብሪታንያው ቢኤኢ ሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳየው አዳፕቲቭ የተባለ ሥርዓት 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸውን ባለስድስት ማዕዘን ንጣፎች ሲቪ90 በተባለ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ጎን ላይ ይደረድራል። ንጣፎቹ በኤሌክትሪክ በፍጥነት ይሞቃሉ፣ ይቀዘቅዛሉም፤ የተሽከርካሪው ካሜራዎች የአካባቢውን ሙቀት እያነበቡ ንጣፎቹን ከዚያ ጋር ያስማማሉ፤ ሲፈለግም ብረት ለበሱ በሙቀት ካሜራ ተራ የቤት መኪና መስሎ እንዲታይ ያደርጋሉ። ሐሳቡ ድንቅ ነው። ነገር ግን ንጣፉን የሚያቀዘቅዘው ኃይል ሙቀቱን ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል እንጂ አያጠፋውም፣ የራሱንም ሙቀት ይጨምርበታል። ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይጠይቃል፣ ዋና ሥራውም በሙቀት ካሜራ ክልል ነው። ይፋ ከሆነ ከአሥር ዓመት በላይ ቢያልፍም በሠራዊቶች ዘንድ የተለመደ መሣሪያ አልሆነም። ከልባሱ ጋር ሲመዘን፣ ልባሱ ያለ ኤሌክትሪክ ከሚሰጠው ጥቅም በላይ የሚጨምረው ነገር ለዋጋው ይበቃል ብሎ ለመወሰን የራስን የሙከራ ውጤት በእጅ መያዝ ያስፈልጋል፤ እስከዚያው በጥቂት ተሽከርካሪዎች ለመሞከር እንጂ ለጅምላ ግዥ አልመክረውም።

ሐሰተኛ ዒላማ በብዙ የግዥ ዕቅድ ውስጥ መጨረሻ ላይ ይጻፋል፤ በእኔ ግምት ከመረቡ ቀጥሎ ሁለተኛውን ደረጃ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2022 ዩክሬን ከእንጨት የሠራቻቸው የሂማርስ ሮኬት ማስወንጨፊያ አምሳያዎች ካሊበር የተባሉ ቢያንስ 10 የሩሲያ ክሩዝ ሚሳኤሎችን ወደ ራሳቸው እንደሳቡ በወቅቱ የዩክሬን ባለሥልጣናትን ጠቅሶ ዋሽንግተን ፖስት ዘግቧል። የቼኩ ኢንፍላቴክ የመሳሰሉ አምራቾችም በአየር የሚነፉ አምሳያዎችን ይሸጣሉ። የተነፋ ጎማ ብቻውን ግን ማንንም ለረጅም ጊዜ አያታልልም። የሞተርን ቦታ የሚያሞቅ ምንጭ፣ ራዳርን እንደ ብረት የሚመልስ አንጸባራቂ፣ ወደ ቦታው የሚያደርስ የሰንሰለት ዱካ፣ አልፎ አልፎም ከአምሳያው አጠገብ የሚሰማ የሬዲዮ ንግግር ያስፈልገዋል። መረብና ሐሰተኛ ዒላማ አብረው ሲገዙ አንዱ የሌላውን ዋጋ ይጨምራል፤ እውነተኛው ሲደበዝዝ ሐሰተኛው ይበልጥ አሳማኝ ይሆናልና።

ይህ ወደ ስትራቴጂው ጉዳይ ይወስደናል። የንግድ ሳተላይቶች ራዳር ከ1 ሜትር በታች የሆነ ዝርዝር በደመናና በሌሊት ጭምር ይቀርጻል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ የሩሲያ ጦር በዩክሬን ድንበር መሰብሰቡን የዓለም ሕዝብ በንግድ ሳተላይቶች ምስል ተመልክቷል። እንግዲህ ትልቅ ሠራዊትን ጨርሶ የሚሰውር መረብ የለም፤ መሰወሪያ የሚገዛው ጊዜንና ጥርጣሬን ነው። የትኛው ተሽከርካሪ እውነተኛ እንደሆነ ለመለየት ጠላት ተጨማሪ ድሮንና ተጨማሪ ደቂቃ ካስፈለገው፣ ያች ደቂቃ መድፍ ተኩሶ ቦታ ለመቀየር ትበቃለች። ይህም አሃዶችን ወደ መበታተንና ወደ ፈጣን እንቅስቃሴ ይገፋል፤ ለቆመ ነገር ብቻ የሚሆን ግዥም ብቻውን በቂ አይሆንም።

የተንቀሳቃሽ ሚሳኤል ማስወንጨፊያዎች መሰወር ከዚህም የከበደ ውጤት አለው። እ.ኤ.አ. በ1991 የባሕረ ሰላጤ ጦርነት አየሩን ሙሉ በሙሉ የተቆጣጠረው ጥምር ኃይል አንድም ተንቀሳቃሽ የኢራቅ የስከድ ሚሳኤል ማስወንጨፊያ ከአየር መምታቱን በማያሻማ ማስረጃ ማረጋገጥ አልቻለም። ማስወንጨፊያውን መሰወር የሚችል አገር ጠላት ቀድሞ ቢመታውም መልሶ የመምታት አቅሙ ይተርፋል፤ ይህ ቀድሞ ለመምታት የሚጓጓውን ወገን ሊያቀዘቅዘው፣ ወይም ተቃራኒው ሆኖ «ሳይበተኑ እንምታቸው» ወደሚል ጥድፊያ ሊነዳው ይችላል። መሰወሪያ ከሚሳኤል ይልቅ በጸጥታ የሚገዛ ዕቃ ቢሆንም፣ ለጎረቤት የሚልከው መልእክት ቀላል አይደለም።

ምንም ዓይነት ጨርቅ የማይሸፍነው የሬዲዮና የስልክ ሞገድ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2023 በምሥራቅ ዩክሬን ማኪይቭካ ከተማ ላይ ለተመቱት ወታደሮቿ ሩሲያ ራሷ በምክንያትነት የጠቀሰችው የእጅ ስልክ መጠቀማቸውን ነው፤ 89 ሰዎች መሞታቸውንም አምናለች። ስለዚህ የመሰወሪያ በጀት ሲያዝ የሬዲዮ ሥነ ሥርዓት ሥልጠና አብሮ መያዝ አለበት።

ምርጫውን በተመለከተ፣ ገንዘቡ ጥቂት ከሆነ ባለብዙ ሞገድ መረብን ከምሰሶዎቹና ከሐሰተኛ ዒላማዎች ጋር መግዛት ከሁሉ ይሻላል። ቀጥሎ የሚገኘው ገንዘብ ለተሽከርካሪ ልባስ ሊውል ይገባል፤ ቅድሚያውም ጠላት አስቀድሞ ለሚፈልጋቸው ለአየር መከላከያ፣ ለመድፍና ለማዘዣ ተሽከርካሪዎች ይሰጥ። ሻጩ ጨርቁ በ3–5 እና በ8–12 ማይክሮ ሜትር የሚረጨውን ጨረር፣ በሌሊት መነጽር ክልል የሚያንጸባርቀውን ብርሃን፣ የራዳር ቅነሳውንም በየፍሪኩዌንሲው በቁጥር ያቅርብ። ፈተናው በገዢው መሬት ላይ ለ24 ሰዓት ይካሄድ፤ ንጋትና ምሽት ላይ መሬቱና ብረቱ የሙቀት ደረጃቸውን ስለሚቀያየሩ ደካማው ዕቃ የሚጋለጠው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚያ ሰዓታት ነው። ምስሉ ከጎንም ከላይም፣ ዕቃው ደረቅም እርጥብም ሆኖ ይነሣ። በውሉ ውስጥ ደግሞ ያው ፈተና ስድስት ወር ፀሐይና ዝናብ በመታው መረብ ላይ እንዲደገም፣ የመጨረሻው ክፍያም ከዚያ በኋላ ብቻ እንዲፈጸም ይጻፍ።