ልጆቻችንን መንገድ ለሚያሻግሩልን የትምህርት ቤት ጥበቃ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው አዘዞ፣ ዋናው መንገድ ዳር ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በጥበቃ ሠራተኝነት የሚያገለግሉትንና በትምህርት መግቢያና መውጫ ሰዓት ልጆቻችንን የሚያሻግሩልንን አባት በአደባባይ ለማመስገን ነው። ሌሎች የጎንደር ትምህርት ቤቶችም አሠራራቸውን መጥተው እንዲያዩ እጠቁማለሁ። ስማቸው እንዲጠቀስ ስላልፈለጉ ልጆቹ እንደሚጠሯቸው «አባባ» እላቸዋለሁ።

የአዘዞን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ብዙ ማብራራት አያስፈልግም። ከባሕር ዳር የሚመጣውም ሆነ ከመተማ የሚመጣው ተሽከርካሪ ወደ ጎንደር የሚገባው በዚሁ በኩል ነው። ስለዚህ ጠዋት 2፡00 ሰዓት ሳይሞላ ጭነት የያዘ ሲኖትራክ፣ አይሱዙ፣ ሚኒባስና ባጃጅ ዩኒፎርም ከለበሱ ሕፃናት ጋር አንዱን አስፋልት ይሻማሉ። የዜብራው ቀለም ደብዝዟል፤ ከሩቅ ለሚመጣ አሽከርካሪ መኖሩም አይታወቅም።

አባባ ልጆችን የሚያሻግሩት ከዳር ቆመው «ቶሎ በሉ» እያሉ አይደለም። በመጀመሪያ ልጆቹ ከአስፋልቱ ጠርዝ ፈቀቅ ብለው፣ ትንንሾቹ የትልልቆቹን እጅ ይዘው ጥንድ ጥንድ እንዲሰለፉ ያደርጋሉ። ከዚያ ክፍተት ጠብቀው ራሳቸው ብቻ ወደ መንገዱ ይገባሉ፤ እጃቸውን ዘርግተው፣ ፊታቸውን ወደ ተሽከርካሪው አዙረው፣ ጎማው መሽከርከሩን እስኪያቆም ይጠብቃሉ። የመጀመሪያው መኪና ስለ ቆመ ብቻም ልጆቹን አይጠሩም፤ ከኋላው ያለው ባጃጅ የቆመውን ደርቦ ሊያልፍ እንደሚችል ስለሚያውቁ ሁለቱም አቅጣጫ፣ የሚደርበውም ጭምር፣ ቀጥ ማለቱን አይተው ነው ፊሽካቸውን የሚነፉት። የመጨረሻው ልጅ ማዶ ካለው የእግረኛ መንገድ ላይ ሳይወጣም ከመሃል አይነሱም። በእኔ እምነት የሥራቸው ትልቁ ቁም ነገር ይህ ትዕግሥት ነው።

ትዕግሥቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ስሌቱ ራሱ ይናገራል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ አሽከርካሪው ልጁን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ ያ ርቀት አልቋል። በ30 ኪሎ ሜትር ግን 8 ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ስቶክሆልም ላይ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የመንገድ ደኅንነት የሚኒስትሮች ጉባኤ፣ እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀሉበት አካባቢ ፍጥነት ከ30 እንዳይበልጥ የተጠየቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ከሁሉም በላይ ሕይወት የሚቀጥፈው የመንገድ አደጋ ነው፤ ይህን ያነበበ ወላጅ የአንድ ጥበቃ ሠራተኛ ፊሽካ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይገባዋል።

ከማሻገሩ ባሻገር ያስተካከሏቸው ነገሮች አሉ። ቀደም ሲል ሚኒባሶች ተሳፋሪ የሚያወርዱት ልክ ዜብራው አፍ ላይ ስለነበር ቁመቱ ከመኪናው አፍንጫ የማይበልጥ ልጅ ከፊት ለፊታቸው ሲወጣ ለሌላው አሽከርካሪ አይታይም ነበር። አባባ ሾፌሮቹንና ረዳቶቹን በቁጣ ሳይሆን በመለማመጥ፣ «የእናንተም ልጆች ናቸው» እያሉ፣ ዜብራውን አልፈው እንዲያወርዱ አስለመዷቸው። ለእኛ ለወላጆችም አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አላቸው፦ ማዶ ቆማችሁ ልጃችሁን በስም አትጥሩ፤ ልጅ የእናቱን ድምፅ ከሰማ ግራ ቀኝ ሳያይ ይሮጣል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ በሰልፉ መካከል እየዞሩ የእያንዳንዱን ልጅ የጃኬት ቆብ ወደ ኋላ ይገልጣሉ፤ ቆቡ ጎንና ጎኑን ስለሚጋርደው ነው። ልጄ «አባባ ጭንቅላቴን በዝናብ አስመታኝ» ብላ ስታማርር ምክንያቱን የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው። አሁን ከእኔ ጋር ስትሻገርም ሳልነግራት ቆቧን ታወርዳለች።

አባባ ይህን ሁሉ የሚሠሩት ከመደበኛ የጥበቃ ሥራቸው ጋር ደርበው ነው። ለዚህም በሩን በዚያ ሰዓት የሚሸፍኑላቸውን ባልደረባቸውን፣ አልፎ አልፎ መጥተው የሚያግዙትን የትራፊክ ፖሊስ አባላትና የተማሪ ትራፊኮችን አብሬ አመሰግናለሁ።

ለወላጅ ኮሚቴያችን የማቀርበው ሐሳብ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ የዝናብ ልብስና «ቁም» የሚል በእጅ የሚያዝ ምልክት በመዋጮ እንድንገዛላቸው፣ ለዚህ ተጨማሪ ሥራም ተገቢ አበል እንዲታሰብላቸው ነው። የዜብራው ቀለም በመስከረም ትምህርት ከመጀመሩ በፊት እንዲታደስ የሚመለከተውን ክፍል በጋራ ብንጠይቅም መልካም ነው። በማራኪም ሆነ በፒያሳ አካባቢ ተመሳሳይ ችግር ያለባችሁ ትምህርት ቤቶች ደግሞ አንድ ጥበቃ ወይም መምህር ጠዋት ልካችሁ ከአጠገባቸው ቆሞ እንዲያይ አድርጉ። አባባን ጠይቄያቸው «ይምጡ፣ አሳያቸዋለሁ» ብለውኛል፤ መምጣት ለሚፈልግ የትምህርት ቤቱን አስተዳደር አስፈቅጄ እኔው አገናኛለሁ።