ዋይ-27632፦ የሮክ ኢንዛይም ማገጃ ሲመዘን

ሮክ የተባለው የሰው ኢንዛይም የሕዋስን የአክቲን ክሮች (ቅርጹን የሚይዙለትን የፕሮቲን ክሮች) ወጥሮ የሚይዝ ነው። በአንድ በኩል ሊምኬ የተባለውን ካይኔዝ (ሌላ ፕሮቲን ላይ ፎስፌት የሚለጥፍ ኢንዛይም) ያነቃል፤ እሱም አክቲንን የሚቆራርጠውን ኮፊሊን ሥራ ያስፈታዋል። በሌላ በኩል የአክቲን ክሮችን የሚጎትተው ፕሮቲን፣ ማዮሲን፣ እንዲኮማተር ያደርጋል። ይህን ኢንዛይም ለማገድ በብዛት የሚገዛው ዋይ-27632 ነው። ለመጀመሪያ ሙከራ እጅግ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም።

ትልቁ ምቾቱ በውሃ መሟሟቱ ነው። ዲኤምኤስኦ የተባለው ማሟሚያ ስለማያስፈልግ ለማነጻጸሪያው ናሙና እኩል መጠን ውሃ ይበቃል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው በዳይሃይድሮክሎራይድ ጨው መልክ ሲሆን ሞለኪዩላዊ ክብደቱ 320.3 ነው። 1 ሚሊግራሙን በ312 ማይክሮሊትር ንጹሕ ውሃ ብታሟሙት 10 ሚሊሞላር ይወጣችኋል። ከዚያ 1 ማይክሮሊትር ለ1 ሚሊሊትር ሚዲየም (የሕዋስ ማሳደጊያ ፈሳሽ) ሲገባ የተለመደው 10 ማይክሮሞላር ይሆናል። ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው፦ ስሌቱ ጨው በሌለበት ክብደት፣ በ247.3፣ ከተሠራ 404 ማይክሮሊትር ይጨመርና ሙሙቱ 7.7 ሚሊሞላር ብቻ ይሆናል። ውሃ ያዘለ ዓይነትም ስለሚሸጥ የብልቃጡን ጽሑፍ ሳታነቡ አታስሉ። በትንንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አስቀምጡት፤ ደጋግሞ ማቅለጥና ማቀዝቀዝ አያስፈልግም።

ንጹሕ ኢንዛይም ላይ ከ1 ማይክሮሞላር በታች እየሠራ ሕዋስ ላይ 10 የሚፈልገው ካይኔዞች ፎስፌት ከሚወስዱበት ሞለኪዩል፣ ከኤቲፒ፣ ጋር ስለሚሻማ ነው፤ በሕዋስ ውስጥ ኤቲፒ ብዙ ነው። በ30 ደቂቃ ውስጥ በፋሎይዲን (የአክቲን ክሮችን ይዞ የሚያሳይ ቀለም) የቀለመ ሕዋስ መሐሉን የሚያቋርጡት ወፍራም ክሮች ሳስተው ይታያሉ። ዳር ዳሩን ያሉት ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ፤ እዚያ ማዮሲንን የሚያነቃ ሌላ ካይኔዝ ስላለ ምርቱን አትጠርጥሩ። እገዳው ግን ሲታጠብ ይለቃል። ስለዚህ ሕዋሱን ማገጃ በሌለው ባፈር እያጠባችሁ አትቆዩ፤ ሚዲየሙን እንዳነሳችሁ 4 በመቶ ፎርማልዴሃይድ አፍስሱ። ሜታኖል አትጠቀሙ፤ ፋሎይዲን የሚይዘውን የአክቲን ቅርጽ ያበላሻል።

ድክመቱ ሁለቱን የሮክ ዓይነቶች፣ ሮክ1ን ከሮክ2፣ አለመለየቱ ነው። ፒኬኤን2 የተባለውንም ካይኔዝ ያግዳል። መጠኑን ከ10 ወደ 50 ማሳደግ ይህን ያባብሳል እንጂ ውጤቱን አያጠራም። እገዳውን ለማረጋገጥ ሮክ ፎስፌት በሚለጥፍበት ፕሮቲን፣ በማይፕት1፣ ላይ ፎስፌት የያዘውን ትሪዮኒን 853 (853ኛውን አሚኖ አሲድ) የሚለይ አንቲቦዲ 696ን ከሚለየው ይሻላል፤ 696ን ሌሎች ካይኔዞችም ይነኩታል። የትኛው ሮክ እንደሆነ ለማወቅ ሁለቱን በየተራ በኤስአይአርኤንኤ (የአንድን ጂን ሥራ በሚያፍን አጭር አርኤንኤ) ማጥፋት ግድ ነው።

ለሰው ግንደ ሕዋስ ግን ያለ ማመንታት ግዙት። ነጠላ ነጠላ ሆነው ሲለያዩ የሚገድላቸው የሮክ መንቃት መሆኑ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ይታወቃል። ስትዘሩ 10 ማይክሮሞላር ጨምሩ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ማገጃ በሌለው ሚዲየም ቀይሩት።