ጌት ላይ የሚሰጣችሁን ቫውቸር ሳታነቡ እንዳትፈርሙ

አየር መንገዶች ከመቀመጫቸው በላይ ትኬት ይቆርጣሉ። ሁልጊዜ የሚቀር መንገደኛ አለ በሚል ስሌት ነው፤ በብዙ አገርም ሕግ አይከለክለውም። ላስጠነቅቃችሁ የፈለግኩት ሁሉም መንገደኛ የመጣ ቀን ስለሚቀርብላችሁ ወረቀት ነው።

ቦርዲንግ ፓሳችሁ ላይ የወንበር ቁጥር ከሌለና «ወንበሩን ጌት ላይ ይሰጡዎታል» ከተባላችሁ ከዚያው ጀምራችሁ ንቁ። ጌት ስትደርሱ አውሮፕላኑ ሞልቷል። ሠራተኛዋ በትሕትና ቫውቸር፣ ማለትም በገንዘብ ፈንታ ለሌላ ጉዞ የሚያገለግል ወረቀት፣ ታቀርብና «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» ትላለች። ልጅ የታቀፈ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ቀጣዩ በረራ ሊያመልጠው የደረሰ ሰው ምን ያነባል? ይፈርማል። በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ግን «መንገደኛው መቀመጫውን በፈቃዱ ለቋል» ይላል። ካሳችሁን የሚያስቀረው ይህ ነው።

ሕጉ በፈቃዱ የቀረውንና ተገዶ የቀረውን ለያይቶ ነው የሚያየው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ 261/2004 መሠረት ተገዶ የቀረ መንገደኛ እንደ በረራው ርቀት 250፣ 400 ወይም 600 ዩሮ ይከፈለዋል፤ ተለዋጩ በረራ ብዙ ሳያዘገይ ካደረሰው ግን በግማሽ ሊቀነስ ይችላል። ምግብና እንደ አስፈላጊነቱ ሆቴል ከዚህ ውጪ ነው። ከኅብረቱ አገሮች ለሚነሣ በረራ አየር መንገዱ የማንም ይሁን የማን ደንቡ ይሠራል። ከአሜሪካ በሚነሣ በረራም ተለዋጩ በረራ ከመጀመሪያው መድረሻ ሰዓት ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ ካደረሰው፣ እንደ መዘግየቱ ርዝመት የአንድ ጉዞ (የመሄጃ ብቻ) ዋጋ 200 ወይም 400 በመቶ ይከፈላል፤ ጣሪያ ግን አለው። በቫውቸር ፈንታ ጥሬ ገንዘብ ወይም ቼክ መጠየቅም መብታችሁ ነው። በፈቃዱ የቀረው የሚያገኘው የተስማማበትን ብቻ ነው።

ሁለቱም ሕጎች አየር መንገዱ ማንንም ከማስቀረቱ በፊት ፈቃደኛ እንዲጠይቅ ያዛሉ። ይህ ትክክል ነው፤ ጊዜ ያለው ሰው ዋጋውን ተደራድሮ ቢቀር ማንም አይጎዳም። እኔን የሚያንገበግበኝ የሚቀረውን ሰው አስቀድሞ መርጦ ከጨረሱ በኋላ «ፈቃደኛ» ብሎ ማስፈረም ነው። ይህ በደል ነው።

ስለዚህ «እኔ ፈቃደኛ አይደለሁም» በሉ፣ በግልጽ። መብታችሁን የሚዘረዝረውን ጽሑፍ ጠይቁ፤ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። የቀራችሁበትንም ምክንያት በጽሑፍ ይስጧችሁ። ቦርዲንግ ፓሱን አትጣሉት። በእውነት መቅረት ከፈለጋችሁ ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት በተለዋጩ በረራ ወንበራችሁ የተረጋገጠ መሆኑን፣ ቫውቸሩ መቼ እንደሚያበቃና ሌላ ሰው ሊጠቀምበት ይችል እንደሆነ አጣሩ።

ቼክ ኢን ላይ ያረፈደ ሰው ግን ይህን ሁሉ መጠየቅ አይችልም። የአውሮፓው ደንብ፣ አየር መንገዱ ሌላ ሰዓት ካልወሰነ፣ ከመነሻው ቢያንስ 45 ደቂቃ ቀድሞ መገኘትን ይጠይቃል።