ድራገን ወይስ ዋይት ድዋርፍ? ለማስታወቂያው ሲሉ የድሮ መጽሔት ለሚገዙ

የሰባዎቹንና የሰማንያዎቹን የጠረጴዛ ላይ ሚና ጨዋታ (ተጫዋቾች የታሪክ ገጸ ባሕርይ ሆነው የሚጫወቱት) መጽሔቶች ዛሬ የሚፈልግ ሰው የጨዋታ ሕግ አጥቶ አይደለም። ሕጉ ስንት ጊዜ ተሻሽሎ ታትሟል። ዳግም ያልታተመው ማስታወቂያው ነው፦ ከእርሳስ ብረት የተሠሩ ትናንሽ የጭራቅ ምስሎች ሥዕል፣ የዳይስ (የመጫወቻ ዕጣ ጠጠር) ዋጋ ዝርዝር፣ ተቆርጦ በፖስታ የሚላከው ኩፖን። እኔም የማወዳድራቸው በዚሁ ሚዛን ነው። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ድራገንን በሰኔ 1976 የጀመረው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው ታዋቂ የሚና ጨዋታ አሳታሚ ቲ.ኤስ.አር. ነው፤ መቀመጫው አሜሪካ፣ ሌክ ጄኔቫ፣ ዊስኮንሰን ነበር። የአንድ ኩባንያ ልሳን ቢሆንም ለተፎካካሪዎቹ ማስታወቂያ በሩን አልዘጋም፤ ትልቁ ሀብቱም ይኸው ነው። የሰማንያዎቹን መጀመሪያ ዕትሞች ስታገላብጡ የራል ፓርታና የግሬናዲየር ኩባንያዎች የእርሳስ ምስሎች፣ የአሳታሚው ኬኦሲየም ጨዋታዎች፣ የፍላይንግ በፋሎ የፖስታ ጨዋታዎች ይመጣሉ። በተለይ በነዚህ የፖስታ ጨዋታዎች ማስታወቂያ ላይ ቆም በሉ። ተጫዋቹ ትእዛዙን ጽፎ ከክፍያ ጋር ይልካል፣ ኩባንያው የሁሉንም ትእዛዝ በኮምፒውተር አስልቶ ውጤቱን በወረቀት ይመልሳል፤ ከዚያ ቀጣዩ ዙር። ኢንተርኔት ከመምጣቱ በፊት ተያይተው የማያውቁ ሰዎች እንዴት አብረው ይጫወቱ እንደነበር ከየትኛውም የታሪክ ድርሰት ይበልጥ የሚያሳየው ይህ ማስታወቂያ ነው።

ዋይት ድዋርፍ ደግሞ የለንደን ልጅ ነው። የጨዋታ ኩባንያው ጌምስ ዎርክሾፕ በ1977 ሲጀምረው አዘጋጁ ኢያን ሊቪንግስተን ነበር፤ ኩባንያው በ1978 የመጀመሪያ ሱቁን ሃመርስሚዝ ከፈተ። የዚህ መጽሔት ማስታወቂያ ቅርበት አለው። የየከተማው ሱቅ ከነአድራሻው ይወጣል፣ ከአሜሪካ የገባ ጨዋታ ይተዋወቃል። በአንባቢዎች የተፈጠሩ ጭራቆች አምድም ነበረው፤ ከዚያ የተሰበሰበው ፊንድ ፎሊዮ በ1981 መጽሐፍ ሆኗል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ገዢ መጠንቀቅ አለበት። ጌምስ ዎርክሾፕ የራሱ ምርት እየበዛለት ሲሄድ መጽሔቱ የሌሎችን ጨዋታ መተው ጀመረ፤ ወደ ቁጥር 100 ሲቃረብ በአብዛኛው የራሱን ዕቃ የሚያስተዋውቅ ሆኖ ነበር። የኩባንያውን የጦርነት ጨዋታ ዋርሃመርን ለሚወድ ይህ ደስታ ነው። የብዙ ትናንሽ ኩባንያዎችን ድምፅ ለሚናፍቅ ግን ከ1986 በኋላ ያለውን አልመክርም፤ ሻጩ «የሰማንያዎቹ ዋይት ድዋርፍ» ቢላችሁ ቁጥሩን ጠይቁ።

ሦስተኛ አማራጭም አለ፦ በ1999 የወጣው የድራገን ሲዲ ስብስብ፣ 250 ዕትሞችን የያዘ። አንድን ማስታወቂያ ከብዙ ዓመታት መካከል ፈልጎ ለማግኘት ምርጡ እሱ ነው። ይሁንና የድሮ ሶፍትዌር ስለሆነ ኮምፒውተራችሁ ዲስክ ማንበቢያ እንዳለውና ፋይሎቹ እንደሚከፈቱ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ለናፍቆት ግን ወረቀቱን የሚተካ አይመስለኝም፤ ማስታወቂያው የተሠራው ለመቀስና ለእስክሪብቶ ነው።

ከሁሉም አንድ ምረጥ ብባል ከ1980 እስከ 1984 የወጣ ድራገን እወስዳለሁ፣ በተናጠል ሳይሆን በጥቅል። አሜሪካ ላላችሁ የፖስታ ወጪውም የሚያዋጣው እሱ ነው። እንግሊዝ ላላችሁ የዚያው ዘመን ዋይት ድዋርፍ ይቀላል፣ ልዩነቱም እስከሚያስቆጭ አይደርስም። የሁለቱንም የመጀመሪያ ቁጥሮች ለሰብሳቢዎች ተዉላቸው፤ ውድ ናቸው፣ ማስታወቂያቸውም ገና ጥቂት ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት የሽፋኑ ፎቶ አይበቃም። የመካከለኛውን ገጽና የኋላ ሽፋኑን የውስጥ ገጽታ አስነሡ። ድራገን አንዳንዴ መሀሉ ላይ ሙሉ ጨዋታ ያስገባ ነበር፤ በ1979 በቁጥር 28 የወጣው የጨዋታ ፈጣሪው ቶም ዋም ጨዋታ አንዱ ነው፤ እንዲህ ያለው ተገንጥሎ የወጣበት ቅጂ ብዙ ነው። ኩፖኑ ተቆርጦ ከሆነም በጀርባው ያለው ጽሑፍ አብሮ ሄዷል፤ ዋጋ አስቀንሱ። ገጾቹን የያዘው የስፌት ሽቦ ዝጎ ወረቀቱን ካቆሸሸ ግን ሌላ ቅጂ ፈልጉ።