ጣና ላይ ለጥናት የሚሆን ጀልባ ለምትፈልጉ

ባሕር ዳር ላይ ጀልባ አይጠፋም። ሐይቁ ዳር ገና ከመድረሳችሁ "ገዳም ነው? ጉማሬ ነው?" የሚል ይከባችኋል። ለጥናት የሚሆን ጀልባ ግን ሌላ ነገር ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ መረጃ የምትሰበስቡ፣ ዓሣም ሆነ ወፍ የምታጠኑ፣ በተለይ ከደብረ ማርቆስ ወይም ከእንጅባራ መጥታችሁ ባሕር ዳር ላይ ማንንም የማታውቁ፣ ይቺ ለእናንተ ናት።

የቱሪስት ጀልባው በራሱ ጥሩ ነው። ጥላ አለው፣ ወንበሩ ይመቻል፣ ዘጌ ድረስ ሽው አድርጎ ያደርሳችኋል። ወፍ ቆጥሮ ለመመለስ ይበቃል። መረብ ለሚጥል ሰው ግን አይሆንም። መረብ አመሻሽ 12 ሰዓት ገደማ ይጣላል፣ ያድራል፣ ንጋት ላይ ይነሳል። የቱሪስት ጀልባ ባለቤት በዚያ ሰዓት ቤቱ ነው፤ ቢመጣም እርጥብ መረብና የሚንፈራገጥ ዓሣ ወንበሩ ላይ እንዲያርፍ አይፈልግም። አይፈረድበትም።

እኛ ተማሪ ይዘን ስንወጣ የምንሠራው ከአንድ የቀድሞ ዓሣ አጥማጅ ጋር ነው። "አያ" ነው የምንላቸው። ስማቸውን እዚህ አላወጣም፤ ዓሣ የሚወርድበት ቦታ ሄዳችሁ የዓሣ ተማሪዎችን የሚያወጡት የቱ ናቸው ብላችሁ ብትጠይቁ ያሳዩዋችኋል። ጀልባቸው የእንጨት ናት። ሰፊ ናት፣ ሆዷ ጠፍጣፋ ነው፣ ኋላዋ ላይ ትንሽ ሞተር አላት። መሀል ያለው አግዳሚ ሚዛንና የዓሣ መለኪያ ሰሌዳ በደንብ ያስቀምጣል። ፍጥነት አትጠብቁ።

የምትከፍሉት ግን ለጀልባዋ ብቻ አይደለም፣ ለሰውየው እውቀት ጭምር ነው። ይሄን የምለው ለማሞገስ ያህል አይደለም። ጣና ውስጥ ነጭ ዓሣ የምንላቸው፣ በሳይንሱ ላቢዮባርበስ የሚባሉት፣ 15 ዝርያዎች አሉ፤ ሌላ የትም አይገኙም። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው ከታች ያለ ዓሣ ወደ ሐይቁ መውጣት አይችልም። ከ15,000 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ሐይቁ ደርቆ እንደነበር የግርጌው ደለል ያሳያል። እነዚህ ሁሉ ዝርያዎች ከዚያ ወዲህ እዚሁ የተለያዩ ይመስላል፤ ስለዚህ ዝግመተ ለውጥ ለሚያጠና ሰው ይሄ ቦታ ሀብት ነው። ከእነዚህ ዝርያዎች 8ቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው፤ መንጋጋው ላይ ጥርስ ለሌለው የዓሣ ወገን ደግሞ ይሄ ብርቅ ነው። ለረጅም ጊዜ ሳይንስ ሁሉንም አንድ ዝርያ ብሎ ጠቅልሏቸው ነበር። ናጌልኬርኬና ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ለያይተው ዝርዝራቸውን አወጡ።

ታዲያ ጀማሪ ተማሪ እነዚህን ለመለየት መከራውን ያያል። መጽሐፉን ገልጦ ጭንቅላት ይለካል፣ ዓይን ይለካል፣ ቅርፊት ይቆጥራል። አንድ ጠዋት ከዘጌ ወዲህ መረብ እያነሳን አንዷ ልጅ እጇ ላይ ባለው ዓሣ ግራ ገባት። አያ ሞተሩን አጠፉ፣ ዓሣውን ተቀበሏት፣ በአውራ ጣታቸው የታችኛውን ከንፈር ገልበጥ አደረጉት። ከንፈሩ ወፍራም ነው፣ መሀሉ ላይ እንደ ምላስ ወጣ ያለ ሥጋ አለው። "ልጄ፣ ይሄ ከሥር ለቃሚ ነው፤ ድንጋይ ዳር ነው የሚውለው" አሏት። ልጅቷ መጽሐፏን አየች፤ ነድጊያ የሚባለው ነበር፣ ከግርጌ ነፍሳት እየለቀመ የሚኖረው። ከዚያ አፉ ወደ ላይ የተከፈተውን ሌላ አንስተው "ይሄስ ከየት የሚመጣ ይመስልሻል?" ብለው መልሰው ጠየቋት። እንዲህ ያለ ትምህርት ክፍል ውስጥ አይገኝም።

ሌላው እውቀታቸው ነፋስ ነው። ጣና ከሰዓት በኋላ ይናወጣል። አያ "እንመለስ" ካሉ ክርክር የለም፣ የቀረው ናሙና ይቅር። እንቦጩን፣ ያንን ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ አረም፣ ነፋሱ የት እንደሚገፋው ያውቃሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ መታየቱ ከተነገረ ወዲህ ሞተር የሚያስር ጣጣ ሆኗል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ስላለ ዙሪያውን ይሄዳሉ፣ ቤንዚን ይፈጃል፣ ግን ልክ ናቸው።

ስለ ዓሣው ማነስ ሳይጠየቁም ያወራሉ። ከነጭ ዓሣዎቹ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ለመራባት ወደ ወንዝ ይወጣሉ። ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ሲስፋፋ አጥማጁ ወንዝ አፍ ላይ ይጠብቃቸው ጀመር፣ እንቁላል እንደያዙ። አያም ጊዜውን ያስታውሳሉ። "ሐምሌና ነሐሴ ጀልባ ሞልተን ነበር የምንገባው፤ ዛሬ መረቡ ቀሎ ነው የሚወጣ" ይላሉ። ይሄን ከእሳቸው አፍ መስማት ከግራፍ ይከብዳል።

ጉድለቱም ይጻፍ። ላይፍ ጃኬቱ ለሁሉም አይበቃም፣ ያለውም አርጅቷል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዋና የማይችል ተማሪ ብዙ ነው፣ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ጥላ የለም፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሞተሩ አንዳንዴ ይነጫነጫል፣ መቅዘፊያ ግን ሁሌም አለ።

ደረሰኝም የለም። እዚህ ላይ የማዝነው በእሳቸው ሳይሆን በአሠራሩ ነው። የአንድ ተቋም ፋይናንስ ለጀልባ ኪራይ "ሦስት ፕሮፎርማ አምጡ" ብሎን ያውቃል። ሦስት ፕሮፎርማ ያለው የቱሪስት ጀልባ እንጂ ዓሣ አጥማጅ አይደለም። ስለዚህ ሥራውን የሚችለው ሰው ይቀርና ወረቀት ያለው ይከራያል፣ ወይም ተማሪው ከኪሱ ይከፍላል። ለእንዲህ ያለ ባለሙያ እንደ ጥናት ረዳት በቀን አበል መክፈል የሚቻልበት መንገድ መኖር አለበት። የመመረቂያ ጽሑፍ የምስጋና ገጽም እንደዚያው ነው፤ አማካሪው አለ፣ ስፖንሰሩ አለ፣ የክፍል ጓደኛ ሳይቀር አለ፣ ዓሣውን የለየው ሰውዬ ግን የለም። የእኛ ተማሪዎች አሁን አስፈቅደው ስማቸውን ከነአባታቸው ያስገባሉ። እናንተም አስገቡ። ጽሑፉ ሲያልቅ አንድ ቅጂ ውሰዱላቸው፤ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ነው የሚያዩት።

ለመከራየት ያሰባችሁ፦ ዋጋ በቀን ነው፣ ቤንዚን ለብቻ ነው፣ ቤንዚን በጠፋ ሰሞን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የጸጥታውን ሁኔታና የሰዓት ገደቡን ሳትጠይቁ የማታ መረብ አታቅዱ። ከለካችሁት ዓሣ ፎርማሊን (ናሙና እንዳይበሰብስ የሚደረግበት መርዛማ ኬሚካል) ያልነካውን ማን እንደሚወስደው ከመውጣታችሁ በፊት ተስማሙ፤ እኛ ለአያና ለረዳታቸው ነው የምንተወው። ፎርማሊኑን ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ያዙ፣ ከምግብ አርቁ። ቁርስ የራሳችሁ ነው፣ ለእሳቸውም ጨምራችሁ ያዙ። እና ንጋት 11 ሰዓት ተባብላችሁ ከሆነ 11 ሰዓት ድረሱ፣ እሳቸው ቀድመው ቆመው ነው የሚጠብቋችሁ።