አምስት ሸክላ በአንድ ሣጥን፦ የሬንዴልና የካር የላንስዳውን ቀረጻዎች

የእንግሊዝ ጃዝ ሸክላ የሚሰበስብ ሰው መጀመሪያ የሚጣላው ከዋጋ ጋር ነው። በ1960ዎቹ በጥቂት ቅጂ ታትሞ፣ ጥቂት ሰው ገዝቶት የተረሳ ሸክላ ዛሬ ደህና ሆኖ ከተገኘ በመቶዎች ፓውንድ ይጠየቅበታል፤ ከሺህ የሚያልፍም አለ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የሳክስፎን ተጫዋቹ የዶን ሬንዴልና የትራምፔት ተጫዋቹ የኢያን ካር ባንድ ያሳተማቸው አምስት አልበሞች በዚህ ረገድ ስማቸው የታወቀ ነው። ጃዝማን ሬከርድስ አምስቱንም በ2018 በአንድ ሣጥን ሲያወጣቸው እኔን የመሰለ ባለ ደመወዝ ሰብሳቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን ሊያኖራቸው ቻለ። ለንደን ውስጥ ስኖር ያጠራቀምኩትን ሁሉ ሽጥ ብባል መጨረሻ የማስቀረው ይህን ሣጥን ነው።

በምዕራብ ለንደን፣ ሆላንድ ፓርክ አካባቢ፣ ላንስዳውን ሃውስ የሚባል ሕንፃ አለ። ምድር ቤቱ ውስጥ ዴኒስ ፕሬስተን የሚባል ፕሮዲውሰር ስቱዲዮ ነበረው። ፕሬስተን የማንም ትልቅ ኩባንያ ተቀጣሪ አልነበረም፤ ራሱ ይቀርጻል፣ ያለቀውን ሥራ ለኩባንያዎች ይሰጣል፣ እነርሱ ያሳትሙታል። የድምፅ መሐንዲሱ ደግሞ አድሪያን ኬሪጅ ነበር። የፒያኖ ተጫዋቹ የስታን ትሬሲ አልበም «አንደር ሚልክ ዉድ» በ1965 የተቀረጸው በዚያው ቤት ነው፤ በዚያ ውስጥ ቦቢ ዌሊንስ በቴነር ሳክስፎን የሚጫወተውን ቀስ ያለ ዜማ የሰማ ሰው የስቱዲዮውን ድምፅ አይረሳም። ፕሬስተን ባይኖር ኖሮ ይህ ሙዚቃ በክለብ ጭስ ውስጥ ተጫውቶ ያልቅ ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ወደ ሣጥኑ ልመለስ። የመጀመሪያው አልበም «ሼድስ ኦቭ ብሉ» በ1965 የወጣ ነው። ጥሩ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ግን ገና የአሜሪካኖቹ ጥላ አለበት። ፒያኖ የሚጫወተው ኮሊን ፐርብሩክ ነው። ኒል አርድሊ የጻፈውን፣ አልበሙ ስሙን የወሰደበትን ቅንብር ሰምቼ አብዛኛውን ጊዜ ወደሚቀጥለው ሸክላ አልፋለሁ።

የሚቀጥለው «ዳስክ ፋየር» ነው፤ በ1966 የወጣ። እዚህ ላይ ማይክል ጋሪክ ወደ ፒያኖው መጣና ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ጋሪክ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የተማረ፣ ገጣሚዎችን ከጃዝ ባንድ ጋር መድረክ ላይ ያወጣ ሰው ነው፤ በሙዚቃውም ቢሆን ዝም ብሎ ጣት ማፍጠን አይወድም። ለአልበሙ ስም የሆነውን ረጅም ቅንብር የጻፈው እርሱ ነው። በዴቭ ግሪን ቤዝና በትሬቨር ቶምኪንስ ድራም ላይ ተመሥርቶ ቀስ እያለ ይሞቃል፤ አኮርዱ እየተቀያየረ አያዋክብም፣ በአንድ ቅኝት ውስጥ ቆይቶ ያንኑ ያብላላል። በትዝታና በአንቺ ሆዬ ያደገ ጆሮ ለዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሬንዴል ሳክስፎኑን ከፍ አድርጎ ሲገባ አይጮኽም፤ ካር በትራምፔት ሲመልስለት ቃላት የሚቆጥብ ሰው ይመስላል። ሁለቱ ባሕርያቸው የተለያየ ነበር፤ ሬንዴል በ1926 ፕሊመዝ የተወለደ፣ ቢቦፕ ከሚባለው የ1940ዎቹ ፈጣን የጃዝ ስልት ዘመን የመጣ ሰው፤ ካር በ1933 ስኮትላንድ ውስጥ ዳምፍሪስ የተወለደ፣ ዓይኑ ሁልጊዜ ወደፊት የሚያይ። በዚህ አልበም ላይ ያ ልዩነት ገና ጥቅም ነው።

«ፌዝ ስሪ» በ1968 ወጣ። ከአምስቱ የምወደው የትኛው እንደሆነ ለሚጠይቀኝ እንደ ቀኑ የምመልሰው በዚህኛውና በ«ዳስክ ፋየር» መካከል ነው። ጋሪክ የጻፈው «ብላክ ማሪጎልድስ» እዚህ ውስጥ አለ፤ ምሽት ላይ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለሚሰማ ሰው የተጻፈ ይመስለኛል። «ላይቭ» የሚባለው አራተኛው አልበም ስሙ ክለብ ያስመስለዋል እንጂ የተቀረጸው በዚያው ስቱዲዮ፣ እንግዶች ተጋብዘው ነው። ጭብጨባው ቅርብ ነው፤ ተጫዋቾቹም ከሌሎቹ ቀረጻዎች ይልቅ ልጓማቸውን ለቀቅ ያደርጋሉ።

የመጨረሻው «ቼንጅ ኢዝ» (1969) ብዙ ሰው የሚያልፈው ነው። እኔ አልስማማም። ባንዱ ሊበተን ነው፤ ይሰማል። የጋናው ከበሮ መቺ ጋይ ዋረን ሲጨመርበት ምቱ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ ካር ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሬንዴል ወደ ሌላ ይስባሉ። ካር በዚያው ዓመት «ኒውክሊየስ» የሚባል ባንድ አቋቋመ፤ ባንዱም በ1970 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሞንትሮ ላይ በተደረገው የጃዝ ውድድር አሸነፈ። አልበሙ ለብቻው ሲሰማ የተዝረከረከ ሊመስል ይችላል። ከአራቱ ቀጥሎ ሲሰማ ግን የዓመታት ጓደኝነት እንዴት እንደሚያልቅ በድምፅ ያሳያል፤ ሣጥኑን በሙሉ እንጂ ምርጥ ምርጡን ብቻ አልገዛም የምለውም ለዚህ ነው። ዴካ የሚባለው የሸክላ ኩባንያ በ2021 ያወጣው «ጀርኒስ ኢን ሞደርን ጃዝ፦ ብሪተን» የሚባል ስብስብ ለአዲስ ሰሚ ጥሩ በር ነው፤ ቶኒ ሂጊንስ በጥንቃቄ መርጦታል። ይሁንና በስብስብ ላይ አንድ ባንድ አንዴ ብቅ ብሎ ይጠፋል፣ ሲያድግም ሲያረጅም አይታይም።

ድምፅ ስለሚቀረጽበት የቴፕ ክር አንድ ነገር ልበል። በወጣትነቴ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ራዲዮ ጣቢያ የቴፕ ክፍል ሠርቻለሁ። ክር ውድ ነበር፤ ያለቀበት ክፍል አሮጌውን አጥፍቶ በላዩ ላይ አዲስ ይቀርጻል። ቢቢሲም በዚያ ዘመን ያሰራጫቸውን ብዙ የጃዝ ዝግጅቶች ሳያስቀምጥ ቀርቷል። ዛሬ «ጃዝ ኢን ብሪተን» የሚባለው ለትርፍ ያልተቋቋመ አሳታሚ ሙዚቀኞቹና አድማጮቹ ቤታቸው ያኖሩትን ክር እየፈለገ ያሳትማል፤ የፒያኖ ተጫዋቹን የማይክ ቴይለርን የ1965 ቀረጻ «ማንዳላ»ን ያገኘነው በዚህ መንገድ ነው። የሳክስፎን ተጫዋቹ የተቢ ሄይስ «ግሪትስ፣ ቢንስ ኤንድ ግሪንስ» ደግሞ በ1969 ተቀርጾ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከተቀመጠ በኋላ በ2019 ወጣ፤ ሰውየው በ1973 በ38 ዓመቱ ሞቷል፣ ሥራው ሲወጣ አላየውም።

ስለዚህ ድጋሚ ኅትመት ስገዛ መጀመሪያ የማየው የሽፋኑን ጀርባ ነው፦ ከየትኛው ክር ተወሰደ? ድምፁን ወደ ሸክላው መስመር ማን ቆረጠው? ዴካ «ብሪቲሽ ጃዝ ኤክስፕሎዥን» በሚለው ተከታታይ ከዋናዎቹ የስቱዲዮ ክሮች (ማስተር ቴፖች) ያለ ዲጂታል እርምጃ እንደተቆረጠ በግልጽ ይጽፋል፤ የሬንዴል «ስፔስ ዎክ» ከእነዚህ አንዱ ነው፣ ቤዙ ወፍራም፣ ሲምባሉ ንጹሕ ሆኖ ይሰማል። በሸክላ ገበያ ላይ ግን የአሳታሚ አድራሻ የሌላቸው፣ የተጫዋቾቹን ስም እንኳ የሳቱ ቅጂዎች ሲሸጡ አያለሁ። ርካሽ ናቸው፤ ለሙዚቀኛውም ለቤተሰቡም አምስት ሳንቲም አያደርሱም። የኛን አገር የስድሳዎቹንና የሰባዎቹን ዘፈኖች ዓለም ያወቀው የፈረንሳዩ አሳታሚ ቡዳ ሙዚክ ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ»ን በስምና በታሪክ አስደግፎ ስላወጣ ነው። ሽፋኑ ውስጥ የሚገባው ጽሑፍ ለጌጥ አይደለም።

ከሣጥኑ ጋር ሊነበብ የሚገባ አንድ መጽሐፍ አለ፤ ካር ራሱ በ1973 ያሳተመው «ሚዩዚክ አውትሳይድ»። ኖርዝዌይ ቡክስ በ2008 እንደገና አሳትሞታል። ካር ተቺም ተጫዋችም ስለነበር ባልደረቦቹን የሚያያቸው ከውስጥ ነው፦ ማይክ ዌስትብሩክ፣ ኢቫን ፓርከር፣ ከደቡብ አፍሪካ ተሰዶ የመጣው ክሪስ ማክግሬገር። ስለ ቤት ኪራይና ስለ ባዶ ክለብ የሚጽፈው ስለ ኅብረ ድምፅ ከሚጽፈው አያንስም። ንዴቱ አንዳንድ ገጽ ላይ ይበዛል፤ የጋዜጠኛ ሚዛን ለሚፈልግ ሰው ይከብደው ይሆናል። ለእኔ ግን በትክክል ያ ንዴት ነው መጽሐፉን ሕያው ያደረገው።

ሣጥኑን በሙሉ የመግዛት አቅም ለሌለው ቢጂኦ የሚባለው አሳታሚ «ሼድስ ኦቭ ብሉ»ንና «ዳስክ ፋየር»ን በአንድ ጥንድ ሲዲ አውጥቷቸው ነበር፤ ሁለተኛ እጅ ሲገኝ ዋጋው አይጎዳም። ሸክላ ማጫወቻ የሌላችሁ በእርሱ ጀምሩ። ማጫወቻ ያላችሁ ደግሞ ሣጥኑን ስትከፍቱ ከመጀመሪያው ሸክላ ሳይሆን ከሁለተኛው ጀምሩ፤ «ሼድስ ኦቭ ብሉ»ን በኋላ ተመልሳችሁ ብትሰሙት ከየት እንደተነሡ ይበልጥ ይገባችኋል።